አዳራሹ አሚን ያለበት ቦታ

መካነ ሰላም፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ኡምኩልሱም፣ ሪያድ

አሰላሙ ዐለይኩም እትዬ። ይህ ወረቀት በሰላም ወጥቶ በሰላም ይግባልሽ፤ ያለሽበትን ቤት አላህ ያራራልሽ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። እናትሽ እማ ፈይዛ ብርዱ ሲጠና ጉልበታቸውን ከሚይዛቸው በቀር አልሐምዱሊላህ ብርቱ ናቸው። ልጅሽ ፊርደውስም ደህና ናት። የላክሽላትን ዓባያ ለብሳ በገበያ መሃል ስታልፍ ሰው ዞሮ ያያታል። ትንሽ አጥሯታል እንጂ አምሮባታል።

በስልክ እየተገናኘን ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምሽ አይቀርም። አንቺ ስትደውይ እማ ፈይዛ ስልኩን ምንጣፉ መሃል አስቀምጠው ድምፁን እስከ መጨረሻው ይለቁታል፤ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ፊርደውስ ከጎናቸው ትቀመጣለች። እንዲህ ባለ ስልክ "ደህና ነኝ፣ ደህና ናችሁ" ከመባባል ሌላ ምን ይወራል? ዝምድናችን ራቅ ያለ ቢሆንም አባቴ የአጎትሽ ልጅ ነውና ደፍሬ እጽፍልሻለሁ።

መጀመሪያ የምሥራች። ሥራ አገኘሁ። ዲግሪዬን ይዤ ቤት ቁጭ ብዬ የእናቴን ፊት ሳይ ከከረምኩ በኋላ ዶክተር ትንሳኤ የሚባል ተመራማሪ ከአዲስ አበባ መጥቶ ቀጠረኝ። ሥራው ፊልም ማሳየት ነው። አትሳቂ! ፊልሙን ካሳየን በኋላ ሰው እንዴት እንደፈረደው እንለካለን። አዎ፣ እንደ ጤፍ ይለካል።

ፊልሙ ወደ ዓረብ አገር ስለሄደች የገጠር ልጅ ነው። ትሄዳለች፣ አሠሪዋ መዳም ትደበድባታለች፣ ደሞዟን ትከለክላታለች፣ መጨረሻ ላይ ባዶ እጇን ትመለሳለች። የተሠራው ልጃገረዶች ከመሄዳቸው በፊት ደግመው እንዲያስቡ ነው። ተመልካች ካመነበት በየወረዳው ይዞራል፤ ካላመነበት ይስተካከላል። ማንበብ የማይችል እንዳይቸገር አምስት ፊት የተሳለበት ካርድ አለን። የመጀመሪያው ያለቅሳል፣ አላመንኩበትም ማለት ነው፤ የመጨረሻው ጥርሱን ያሳያል፣ አመንኩበት ማለት ነው። ተመልካቹ አንዱን ያመለክታል፣ እኛ እንመዘግባለን። ከፊልሙ በፊትም በኋላም ደግሞ ልጃገረዶቹን "የመሄድ ሐሳብ አለሽ ወይ?" ብለን እንጠይቃለን።

ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ አዳራሽ ተከራይተን አሳየን። ሰው ግጥም አለ። ሲያልቅ ከጥቂቶች በቀር ሁሉም ጥርሱን የሚያሳየውን ፊት አመለከተ። ፊርደውስም ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበረች፤ እሷም እንደ ሰዉ። "የመሄድ ሐሳብ አለሽ?" ስላት ዓይን ዓይኔን እያየች "የለኝም" አለችኝ። ወደ ቤት ስንመለስ ግን ክንዴን ያዝ አድርጋ "ኢልሁ፣ ፓስፖርት ላወጣ ነው። የሚያስኬደኝ ሰው አግኝቻለሁ። ለእማ እንዳትነግሪ" አለችኝ።

እትዬ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ልቤ አላረፈም። ገና አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። ፊልም አልመለሳትም፤ የእኔን ምክርማ ከቁም ነገር አትቆጥረውም። እውነቱን የምታውቂው አንቺ ነሽ። እባክሽ እዚያ ያለውን እንዳለ ንገሪያት።

ይህን ወረቀት ዕረፍቷን ጨርሳ ወደዚያ የምትመለስ የወግዲ ልጅ ታደርስልሻለች።

አክባሪሽ ኢልሀም


ሪያድ፣ ኅዳር 24 ቀን 2017

ለኢልሁዬ

ወዐለይኩሙ ሰላም እህቴ። ሥራሽን አላህ በረካ ያድርግልሽ፤ ከሰው ፊት አያሳንስሽ። ወረቀትሽ ደርሶኛል። መልሱ የዘገየው የሚወስድልኝ ሰው አጥቼ ነው። ጽሑፌ የተንጋደደው ደግሞ እስክሪብቶው መናኛ ሆኖ ነውና ታገሺኝ።

ጉድ እኮ ነው! ፊልም አይቶ ወደድኩት፣ ጠላሁት ማለትም ይለካል? ለዚህም ዶክተር አለው? እኔ አገር ቤት ሳለሁ ቪዲዮ ቤት ገብቼ ያን ሁሉ ሳለቅስ ማንም መጥቶ አልለካኝም። ለመሆኑ መዳሟን ምን አስመሰሏት? የእኔዋ ክፉ ሰው አይደለችም። ቤቱ ሰፊ ነው፤ ልጆቹ ይወዱኛል። እኔ ደህና ነኝ። ደህና መሆኔን ለእናቴም ለፊርደውስም ንገሪልኝ።

የፓስፖርቱ ነገር የልጅነት ወሬ ነው፤ ይተዋታል። ትምህርቷን ትማር በያት። ሰውዬው ማነው? የዚያው የመካነ ሰላም ሰው ነው ወይስ ከደጎሎ የሚመላለስ? ብቻ ተይው፤ ያልፋል።

ዓባያው አጠራት አልሽኝ? ስገዛው የመዳሜን ትልቋን ልጅ ሱቅ ውስጥ አቁሜ በእሷ ለክቼ ነው። እኩዮች ናቸው። ፊርደውስ ከእሷ ትረዝማለች ማለት ነው? እኔ ትቻት ስመጣ የወተት ጥርሷ እንኳ አልተነቃነቀም ነበር። አንድ ጊዜ ለዕረፍት ስመጣም ወገቤ ላይ ነበር የምትደርሰው። እስቲ ከእማዬ ጎን አቁመሽ እያት፤ ትከሻዋ ላይ ትደርሳለች? ይህን ብቻ አጣርተሽ ጻፊልኝ።

ለእማዬ የጉልበት ቅባት፣ ለአንቺ ሽቶ ልኬያለሁ።

ኡምኩልሱም


መካነ ሰላም፣ ጥር 12 ቀን 2017

ለእትዬ ኡምኩልሱም

ሰላምታዬ በያለሽበት ይድረስሽ፤ አላህ ድካምሽን ይቁጠርልሽ። መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ ከርሞ ወረቀትሽ የደረሰኝ አሁን ነው። ሽቶውም ቅባቱም ገብቷል። እማ ፈይዛ ቅባቱን ሲቀቡ ከጉልበታቸው ይልቅ ምርቃታቸው ነው የበረታው።

ጎን ለጎን አቁሜ አየኋቸው። ፊርደውስ እማ ፈይዛን በራስ ትበልጣቸዋለች።

አሁን ወደ ጭንቄ ልመለስ። ዶክተር ትንሳኤ የመካነ ሰላሙን ውጤት ሲያይ ደስ አላለውም። "ይህ ሁሉ ሰው በአንድ ፊት አይስቅም" አለ። ነገሩ የገባን ወግዲ ስንሄድ ነው። እዚያ ከቤይሩት የተመለሰች የሻለም የምትባል ሴት ፊልሙን በሳቅ ጨረሰችው። የፊልሟ ልጅ ሸሚዙን ከአንገትጌው ሳይሆን ከጀርባው መተኮስ ስትጀምር የሻለም ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ "ኧረ ይቺ ተኩሳም አታውቅ! መዳሟ ብትቆጣ ይፈረድባታል?" አለች። ሰዉ አብሯት በሳቅ ፈረሰ። ሲያልቅ ካርዱን ሳቀርብላት ግን ጥርሱን የሚያሳየውን ፊት አመለከተች።

"እንዴ፣ ስትስቂበት አልነበር?" ብላት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?

"አንቺ የመካነ ሰላም ልጅ አይደለሽ? ዝቅ ያለውን ሰጥቼሽ ሰውዬው ከሥራ ቢያስወጣሽ እኔ ምን አተርፋለሁ?"

ለካ እትዬ፣ አገሩ በሙሉ ፊልሙን ትቶ እኔን ሲያርም ነው የከረመው! "ልጃችን ሥራ አገኘች፣ እንዳንነካባት" ተባብለዋል። በወግ በማዕረግ ሙሉ ማርክ ሰጥተውኛል። ሳቄም መጣ፣ ደነገጥኩም። ብናገር እንጀራዬን ማጣት ነው፤ ዝም ብል ያልታመነ ፊልም "ታመነ" ተብሎ በየወረዳው ሊዞር ነው። ሁለት ቀን ቆይቼ ለዶክተር ትንሳኤ ነገርኩት። አላባረረኝም። "ይሉኝታ የሌለበት አገር የለም፤ እናንተ ጋ ግን ወፈር ይላል" አለና ደጎሎ ላይ አሠራሩን ቀየረው። ተመልካቹ ካርዱን ለብቻው ምልክት አድርጎ ሣጥን ውስጥ እንዲጨምር፣ እኛ ከአዳራሹ እንድንወጣ አደረገ። ሰዉንም አስፈቅዶ የአዳራሹን ድምፅ አስቀዳ፤ የት እንደተሳቀ፣ የት ጸጥ እንዳለ ለማወቅ። ያኔ ፊቶቹ ተለያዩ፤ የሚያለቅሰውም ድርሻውን አገኘ።

እኔን እረፍት የነሳኝ ግን የድምፅ ቅጂው ነው። ፊልሙ ውስጥ ልጅቷ አውቶቡስ ልትሳፈር ስትል እናቷ እጇን ዘርግታ ትመርቃታለች። የሠሩት ሰዎች እዚያ ጋ የሚያሳዝን ሙዚቃ ያስገቡት ተመልካቹ እንዲፈራላት ነው። ቅጂው ላይ ሙዚቃው አይሰማም። እስላሙም ክርስቲያኑም፣ አዳራሹ ባንድ ላይ "አሚን!" ይላል። እናትየዋ አንድ ቃል ባለች ቁጥር "አሚን!"፤ ልክ የሐሙስ ዱዓ ላይ እንደተቀመጠ ሰው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ዱላና ልቅሶ ያን ያህል ድምፅ አላስወጣም። እንዳትሄዱ ተብሎ በተሠራ ፊልም ሰዉ ልጅቷን መርቆ ሸኛት። መካነ ሰላም ላይም እንዲሁ ነበር፤ ፊርደውስ ከሁሉ ልቃ አሚን ስትል ሰምቻታለሁ። ያኔ ልብ አላልኩትም።

"ፊልሙ አላስፈራሽም?" ብዬ ጠየቅኳት። ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶሽን አሳየችኝ፤ በዚያ ነጭ ደረጃ ላይ፣ አበቦቹ መሃል ቆመሽ የምትስቂበትን። "ይኸዋ እናቴ። ማን ደበደባት? ፊልሙ ውሸት ነው" አለች። እትዬ፣ የእኛን ፊልም የምትመዝነው በአንቺ ፎቶ ነው። ሌላ ፎቶ ላኪላት። ደክሞሽ ሳለ የተነሳሽውን ላኪላት። ለፓስፖርቱ ፎቶ ተነስታለች፤ አሻራም ሰጥታለች።

ኢልሀም


ሪያድ፣ የካቲት 5 ቀን 2017

ለኢልሀም

ሰላም ላንቺ ይሁን። በራስ ትበልጣቸዋለች ያልሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። ምነው ከዚያ በታች ያለውን ባልጻፍሽው!

ያንን ፎቶ የተነሳሁት የዒድ ቀን ነው። አንድ ቀን ደስ ብሎኝ ቆምኩ፤ እሱም ወንጀል ሆነ? እናቴ ጠዋት ከፍራሿ የምትነሳው ያንን ፎቶ አይታ ነው። አሁን ደግሞ ፀጉሬን በትኜ፣ እጄን ዘርግቼ ልነሳላችሁ? ልጄን በራሴ መልክ ላስፈራራት? አንቺ ሰውን በካርድሽ ስትለኪ ዋይ፤ የእኔን ቤት ግን ለቀቅ አድርጊልኝ።

ረመዳን ሊገባ ነው። ረመዳን በሰው ቤት ምን እንደሆነ አታውቂም። ከእንግዲህ የምጽፍበት ጊዜ አይኖረኝም።

ኡምኩልሱም

ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ነው የጨመርኩት። እናትየዋ አውቶቡሱ በር ላይ ምን ምን እያለች ነው የመረቀቻት? ቃሉን እንዳለ ጻፊልኝ። ተቋርጦ የከረመው ኢንተርኔት ተመልሷል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ወረቀቱን ፎቶ አንስተሽ በኢሞ ላኪው። ፊልሙም የሚላክ ከሆነ ላኪልኝ።


መካነ ሰላም፣ የካቲት 29 ቀን 2017

ለእትዬ

ረመዳንሽ የተባረከ ይሁን፤ ጾምሽን አላህ ይቀበልሽ። አውፍ በይኝ። አፌ ፈጥኖ ነው እንጂ ፎቶሽን ለመንካት አልነበረም።

የእናትየዋ ቃል ይኸው፦ "መንገድሽን ያቅናልሽ። የሰው ፊት አይክበድብሽ። እንደ ወጣሽ አትቅሪ።" ይኸው ነው። ፊልሙን ዶክተር ትንሳኤ "የምታውቅ ሰው ፍርድ አይናቅም" ብሎ ፈቅዶልኝ ልኬልሻለሁ። ስለ አሚኑም ነግሬዋለሁ። ቅጂውን ደጋግሞ ሰማውና "ለዚህ የሚሆን ፊት አልሳልንም" አለ።

አንድ ከባድ ነገር አለ። ፓስፖርቷ ወጣ። ሰውዬው ከዒድ በኋላ እንደምትሄድ ቀን ቆርጦላታል። እማ ፈይዛም ሰሙ። ይጮኻሉ፣ ይከለክላሉ ብዬ ስጠብቅ ትናንት ከመግሪብ ሶላት በኋላ እጃቸውን ዘርግተው መረቋት። ብቻቸውን ሳገኛቸው "እማ፣ ምነው?" አልኳቸው። "ብከለክላት አትቀር፤ ሳልመርቃት ብትሄድስ?" አሉኝ። እኔም አሚን ብያለሁ እትዬ። የትልቅ ሰው ምርቃት መሃል ተቀምጬ አፌን መያዝ አልቻልኩም።

ከዚህ በላይ የማውቀው የለኝም። አንቺ ዝም ካልሽ ትሄዳለች።

ኢልሀም


ሪያድ፣ መጋቢት 13 ቀን 2017

ለኢልሁዬ፣ ለእህቴ

አላህ ያንቺንም ጭንቀት ያቅልልሽ። የጻፍኩብሽን ክፉ ቃል እርሺልኝ። ቤተሰቡ ለዑምራ ወደ መካ ሄዶ ቤቱ ጸጥ ሲልልኝ ፊልማችሁን አየሁት።

ካርድሽን አልላክሽልኝም እንጂ እኔ የመሃለኛውን ፊት ነው የማመለክተው፤ የማይስቀውን፣ የማያለቅሰውን። ለምን በይኝ። የሻለም የምትባለዋ እውነቷን ነው፤ ልጅቷ ተኩሳም አታውቅ። እጇን ደግሞ አየሽው? ሳሙና የነካው አይመስልም። የእኔን በረኪና በልቶት ጣቶቼ አልታጠፍ ብለዋል። ጽሑፌ የተንጋደደው በእስክሪብቶው አይደለም። ይህን ለእናቴ እንዳትነግሪ።

ግን ትልቁ ስህተታቸው ይህ አይደለም። መዳሟን ጭራቅ አደረጓት። ፊልሙን የምታይ ልጅ ሁሉ "የእኔዋ ደህና ትሆናለች" ብላ ታልፈዋለች፤ እኔም ብሆን እንደዚያ ነበር የምለው። እውነትም የእኔዋ ደህና ናት። አልመታችኝም፤ ደሞዜን ከልክላኝ አታውቅም። ታዲያ ይኸው ልጆቿን አሳድጌላት፣ የትልቋን ቁመት ከወገቤ እስከ ራሴ ድረስ እያየሁ ቆጥሬላት፣ የራሴዋን ቁመት አንቺን በደብዳቤ እጠይቃለሁ። ይህንን ፊልሙ አላሳየም። ደግ ሰው ቤት ገብተሽም ይህ አይቀርልሽም። ልጄ ስታገባ በስልክ እልል የምል ነኝ ብዬ አለቀስኩ።

አዳራሹ አሚን ያለው ወዶ አይመስለኝም። የሚመርቅ ሰው ፊት ዝም ማለት አላወቅንበትም። እንግዲያው እኔም ልመርቃት። ፎቶ አልልክም። ዱዓ ጽፌ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ከዒድ በኋላ በሐሙስ ዱዓ ላይ፣ ጎረቤቱ ተሰብስቦ፣ እናቴ ተቀምጣ፣ ፊርደውስ ባለችበት ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ። የእናቷ ዱዓ ላይ አሚን የማትል ከሆነ እስቲ አያታለሁ።

ኡምኩልሱም


መካነ ሰላም፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2017

ለእትዬ ኡምኩልሱም

አልሐምዱሊላህ። አብሽሪ፣ ክፉ ነገር የለም።

ትናንት ሐሙስ ዱዓው ላይ ቤቱ ሞልቶ ነበር። ፊርደውስ ያንን ያጠራትን ዓባያ ለብሳ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ሻንጣዋ ከኋላዋ ነበር፤ ለእሑድ ነበር የተቆረጠላት። እማ ፈይዛ "የኡምኩልሱም ዱዓ ነው፤ እጃችሁን ዘርጉ" አሉ። ሁሉም ዘረጋ፤ እሷም ዘረጋች።

"ያ አላህ፣ የልጄን እግር ከደጇ አታርቅብኝ" ስል ቤቱ "አሚን!" አለ። ፊርደውስ አላለችም። "እጇን የሰው ቤት በረኪና አይብላው" ስል እማ ፈይዛ ቀና ብለው አዩኝ፤ ቤቱ ትንሽ ዘግይቶ "አሚን" አለ። እትዬ፣ አትንገሪ ያልሽኝን በራስሽ ዱዓ ውስጥ ጽፈሽው ነበር፤ መዝለል ይገባኝ እንደሆነ ሳላውቅ አነበብኩት። ፊርደውስ አሁንም ዝም አለች። ጎረቤቶቹ ያዩዋታል። "የአገሯን ውሃ አጣፍጥላት።" ዝም። በቃ፣ አልቋል አልኩ።

ከዚያ የመጨረሻው ላይ ደረስኩ፦ "እኔንም ዓይኔ ሳይፈዝ ወደ ልጄ መልሰኝ።"

"አሚን!" አለች። ከሁሉ ቀድማ። ቤቱ ከእሷ ኋላ ነው የተከተለው።

ሰዉ ሲበተን ጓሮ ወሰድኳትና "የሌላው ላይ ለምን ዝም አልሽ?" አልኳት።

"እኔ ሪያድን መች ፈለግኳት?" አለችኝ። "እሷ ያለችው እዚያ ስለሆነ ነው። ጅቡቲ ብትሆን ጅቡቲ እሄድ ነበር። የመዳሟ ልጅ በየቀኑ ታያታለች፤ እኔስ?" ይህን ብላ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ይህን ሁሉ ወር "የመሄድ ሐሳብ አለሽ?" እያልኩ ስጠይቅ፣ ወደ ማን እንደምትሄድ አንድም ልጅ ጠይቄ አላውቅም። ዛሬ ጠዋት ለዶክተር ትንሳኤ ደውዬ ይህንኑ ነገርኩት። "ጥያቄው ይጨመራል" አለ።

እሑድ አትሄድም። ለሰውዬው ራሷ ነገረችው። ፓስፖርቷን ግን አልመለሰችም፣ አልቀደደችም። ግድግዳው ላይ ካለው ፎቶሽ ጀርባ ሸጎጠችው። "እስክትመጣ እዚያ ይቆይ። ካልመጣች አውጥቼው እሄዳለሁ" ብላለች። ቀልዷን አይደለም።

እማ ፈይዛ ስለ እጅሽ አልጠየቁኝም። ማታውን ግን የላክሽላቸውን የጉልበት ቅባት ክዳኑን አጥብቀው ዘግተው "ስትመጣ ለእጇ ይሆናል" ብለው አስቀመጡት።

ኢልሀም


ሪያድ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 2017

ለኢልሀም

አላህ የልፋትሽን ይክፈልሽ። ከዚህ የተሻለ ምርቃት አሁን አይመጣልኝም።

ለመዳሜ ነገርኳት። "ልጆቹስ?" አለችኝ። "እኔም ልጅ አለችኝ" አልኳት። ኮንትራቱ አለ፣ የመውጫው ወረቀት አለ፤ ሁሉም በእነሱ እጅ ነው። እንዴት እንደምመጣ ገና አላውቅም። ሌት ተቀን የማስበው ይህንኑ ነው፤ ሥራ ይዤ ቆሜ እረሳለሁ፣ ልጆቹ ሲጠሩኝ አልሰማም።

ግን ልጄ አሚን ብላለች። ከእንግዲህ መቅረት አልችልም።

ፓስፖርቷን ማንም ከፎቶዬ ጀርባ እንዳያነሳው። እኔ ራሴ መጥቼ አነሳዋለሁ።

ኡምኩልሱም